ኦስማል ፊቱን ያዞረ ዕለት

ኢርዌና የቃል ጠባቂነቱን ሥራ ከአክስቷ የተረከበችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የአክስቷ ጥርስ አልቆ አነጋገሯ መሳከር ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን መንገደኛውን «በል» ትበለው «አትበል» ሳይለይለት ቀረና የሃልቢን ሽማግሌዎች ደንግጠው ተሰበሰቡ። አንደበቷ የጠራ፣ ወሬ የማታበዛ፣ ሳቅ የማይቀድማት ሴት ትፈለግ ተባለ። ሦስቱንም ያሟላች ኢርዌና ብቻ ሆና ተገኘች፤ በተለይ ሦስተኛውን።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ኦስማል ኮረብታ ግርጌ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ የድንጋይ መቀመጫ አለ። እዚያ ተቀምጣ ሽቅብ የሚሄደውን ሁሉ ታስቆማለች።

«እላይ ተነስ አይባልም። ለሰውም፣ ለከብትም፣ ለራስም» ትላለች።

«እሺ» ይላል መንገደኛው።

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«የማትለውን።»

ሰውየው ይደግምና ያልፋል። ግርጌው ላይ ማለት አይከለከልም፤ ድንበሩ ከመቀመጫዋ ጀርባ ነው።

ምክንያቱን የቴሩን ሜዳ ሰው በሙሉ ያውቀዋል። ኦስማል ኮረብታ ሆኖ አልተፈጠረም። ከሰሜን ሲመጣ ደክሞት ነው የተቀመጠው። ለምን እንደተቀመጠ ግን በሥሩ ያሉት ሁለት መንደሮች አይስማሙም። ሃልቢኖች ከኋላ የቀረች ሚስቱን እየጠበቀ ነው ይላሉ። ድሮስካዎች ማንንም አይጠብቅም፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚስማሙበት፣ ተነስ የሚለው እስኪያገኝ ድረስ እንደማይንቀሳቀስ ነው።

ፊቱ ወደ ሃልቢን ነበር። ሁለት ጉልበቶቹ ግራና ቀኝ ወጥተው፣ በመሃላቸው ጭኑ የሚባለው ለምለም ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ምንጩ የሚፈልቀው ከዚያ ነው፤ ሃልቢኖች ይጠጡታል። ወደ ጨው ገበያ የሚያሻግረው መንገድ በትከሻው ያልፋል። ማጅራቱ ላይ ለጣሪያ የሚሆን ረጅም ሳር ይበቅላል። ጀርባው ራቁት ቋጥኝ ነው፤ ከፍየል በቀር የሚወደው የለም። የድሮስካ መንደር ከዚያ ሥር ነች። ሃልቢኖች ድሮስካዎችን «እነ ጀርባ» ይሏቸዋል። ድሮስካዎች ለሃልቢኖች ያወጡትን ስም በትልቅ ሰው ፊት አይጠሩትም።

ኢርዌና ሥራዋን አጥብቃ ያዘች። በእሷ ዘመን ኦስማል ላይ ነፋስ ተነስቶ አያውቅም፤ ይመጣ ነበር። ጠብም አይነሳም፤ ይጀመራል። የተኛ በግ «ቀና በል» ይባላል። «ብድግ በል» ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ክርክር ሦስት ትውልድ ፈጅቶ ሳይወሰን ቀርቷል፤ እሷ ግን ለጥንቃቄ ብላ ከልክላዋለች።

አንድ ጊዜ የአገረ ገዥው ጦር ወደ ሰሜን ሲያልፍ ትከሻው ላይ ሰፈረ። አዛዡ ጎህ ሲቀድ «ተነሱ!» ብሎ መጮህ የለመደ ሰው ነበር።

«ታዲያ ጦሬ በምን ይንቃ?» አላት።

«እኔ እቀሰቅሳለሁ።»

ሁለት መቶ አርባ ወታደር አንድ በአንድ፣ የጎን አጥንቱን በዱላ ጫፍ እየነካች ቀሰቀሰች። የመጨረሻው ሲነቃ የመጀመሪያው መልሶ ተኝቶ ነበርና እንደገና ጀመረች። ጦሩ በግማሽ ቀን ዘግይቶ ሲደርስ ውጊያው አልቆ አገኘው። ሁለት መቶ አርባውም በሕይወት ተመለሱ። አዛዡ ግን ይቅር አላላትም።

ባሏ ቶልቤክ የቤት ጣሪያ ይከድናል። ሳሩን የሚያጭደው ከኦስማል ማጅራት ነው። ሲጋቡ ተጫዋች ሰው ነበር ይባላል። ችግሩ ኢርዌና ሥራዋን ይዛ ቤት መግባቷ ነው። ቶልቤክ «ዛሬ አንድ ሐሳብ ተነሳብኝ» ሲላት፣ «መጣልኝ በል» ትለዋለች።

«እዚህ እኮ ቤታችን ነው» ይላታል።

«አፍ የለመደውን ነው ይዞ የሚወጣው።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቶልቤክ፣ ዝም ያለ ሰው እንደማይታረም ደረሰበት። ከዚያ ወዲያ በሰላም ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ቀርበው የተነጋገሩትን በአንድ ቀን ቁጭ ብሎ ደግሞ መጨረስ ይቻል ነበር።

ነገሩ የሆነው በአጨዳ ወር ነው። ጠዋት ቶልቤክ የቀረበለትን ገንፎ ቀምሶ አስቀመጠው።

«ጨው የለውም» አለ።

«ምላስህ ነው የሌለው» አለች።

ማጭዱን አንስቶ ሳይበላ ወጣ። ፀሐይዋ አናት ስትደርስ ኢርዌና ገንፎውን ቀመሰችው። ጨው አልነበረውም። ጨው ጨምራ አሞቀችው፣ በቅርጫት ይዛ ሽቅብ ወጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ አልነበረም፤ ገንፎው እንዳይባክን ነው።

ማጅራቱ ላይ ስትደርስ ቶልቤክ ያጨደው ሳር ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ፊቱን ብታዞረው አመድ መስሏል።

«ቀና በል» አለችው።

አልመለሰም።

«ቶልቤክ፣ ቀና በል።»

ጆሮዋን አፉ ላይ ደቀነች። ትንፋሹ አለ እንዳትል የለም፣ የለም እንዳትል ያለ ይመስላል። ሦስተኛ ጊዜ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ቃሉን አስተካክላ «ቀና በል» አለችው። እጁ ከእጇ ተንሸራቶ ወደቀ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የተጠበቀው አንደበት እዚያ ላይ አመለጣት።

«ተነስ! ቶልቤክ፣ ተነስልኝ እባክህ!»

ቶልቤክ ዓይኑን ገለጠ። ኦስማልም ተነሳ።

መጀመሪያ ወፎቹ ሁሉ ባንዴ በረሩ። ቀጥሎ ከመሬቱ ውስጥ፣ ብዙ ተቀምጦ እግሩ የደነዘዘበት ሰው የሚያሰማው ዓይነት ረጅም ማቃሰት መጣ። ከዚያ መሬቱ ከፍ አለ። ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ያዩት ሁሉ በዚህ ይስማማሉ። ከወገቡ ብድግ ብሎ፣ ወደ ግራ ዞረና፣ ፊቱን ወደ ድሮስካ አድርጎ መልሶ ተቀመጠ። አንድ ሰው አንድ ሳህን ገንፎ በልቶ በሚጨርስበት ጊዜ ሁሉም ነገር አለቀ። ኢርዌናና ቶልቤክ እየተንከባለሉ ሄደው ቁጥቋጦ ያዛቸው። ቅርጫቱ አልተገኘም።

ሃልቢን ውስጥ አሥራ ሰባት ጣሪያ ተንሸራተተ፤ ማሰሮማ የተረፈ የለም ቢባል ይቀላል። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ወደ ጨው ገበያ ሲሄድ ትከሻው ላይ ጥላ ሥር እንቅልፍ ወስዶት የነበረ ኦርፊል የሚባል ነጋዴ፣ ነቅቶ ያንኑ መንገድ ይዞ ሲገሰግስ ቆይቶ፣ ገበያ ደረስኩ ብሎ ያገኘው የራሱን ደጅ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። «አንቺ ደግሞ በየት በኩል ቀደምሽኝ?» አላት ይባላል።

በማግስቱ ሴቶቹ የተረፈውን እንስራ ይዘው ወደ ምንጩ ቢሄዱ ቋጥኝ ገጠማቸው። ጭኑ፣ ምንጩ፣ ለምለሙ፣ ሁሉም ወደ ድሮስካ ዞሯል። ሃልቢን ጀርባ ሥር ቀረች።

ይኼኔ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ቃሉን ማን አለ? የሃልቢን ሹም ግራንዶስ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር፤ ብዙ አልተቸገረም። «ማን ተጠቀመ? ድሮስካ። እንግዲያው ድሮስካ ነው ያለው» አለ። ጎረምሶቹን ወደ ኮረብታው ላካቸው። እነሱም ትከሻው ላይ ከላሙ ጋር የሚንገላወድ ሄዝሚን የሚባል የድሮስካ ሰው አግኝተው፣ ሰውየውንም ላሚቱንም ነድተው መጡ። ላሚቱ ተኝታ ነበርና ተነሺ ብሏታል ተብሎ ሰውየው የመንደሩ ጎተራ ውስጥ ተዘጋበት። እስኪፈረድ ድረስ የሚያበላው ቃል ጠባቂዋ ነች፤ ደንቡ እንዲህ ነው።

ኢርዌና ሾርባ አቀረበችለት።

«ጨው የለውም» አለ ሄዝሚን።

«አውቃለሁ። የጨው መንገድ ጠፍቷል» አለች።

«ላሜን ማን ያልባታል?»

«እኔ።»

«ግራ ጡቷን ያማታል። ቀስ በይ።»

«እሺ።»

«እትዬ፣ የቃሉ ነገር የሚጠየቀው ካንቺ ነው አይደል? ንገሪያቸው እንጂ። ላሜ ደንቆሮ ናት። ለደንቆሮ ላም ተነሺ እያለ የሚጮህ ምን ዓይነት ቂል ነው? በገመድ ነው የምስባት።»

ኢርዌና ሳህኑን ተቀብላ ወጣች። ላሚቱን ስታልብ ከኋላዋ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ላሚቱ ጆሮዋን እንኳ አላወዛወዘችም።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ቀን አለፈ። ጎረምሶቹ ማጭድ ሲስሉ፣ ከድሮስካም ሰው ዱላ ሲቆርጥ ታየ ተባለ። ቶልቤክ ከበሽታው በርትቶ የራሳቸውን ጣሪያ እየጠገነ ነበር። ኢርዌና ሥር ቆማ ሳር ታቀብለዋለች።

«ሰውየው ላሚቱ ደንቆሮ ናት ይላል» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ ቶልቤክ።

«ከማን?»

«የላሚቱን አይደለም። እላይ ያልሽኝን ነው።»

«ምንም አላልኩህም።»

«እሺ» አለ ቶልቤክ። ሁለት እስር ሳር አስሮ ከጨረሰ በኋላ ግን ቀጠለ። «ተነስልኝ ነው ያልሽው። ተነስስ ይሁን። ‹ልኝ› የምትለዋን ግን ከሠርጋችን ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።»

ኢርዌና የያዘችውን ሳር መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ድሮስካዎች ሰውያቸውን ሊያስለቅቁ መጡ። ስልሳ የሚሆኑ ናቸው፤ ከፊት ኦልጉዳ የምትባል የዕድሜ ባለጸጋ በአህያ ተቀምጣለች። ሃልቢኖችም ሄዝሚንን ከጎተራው አውጥተው ይዘው ወጡ። ሁለቱ ወገን የኦስማል ግራ ጉልበት ካረፈበት ሜዳ ላይ ተፋጠጡ። ግራንዶስ ጉሮሮውን ጠርጎ ኢርዌናን ወደ ፊት ጠራት።

«እትዬ ኢርዌና፣ የዚያን ዕለት እላይ ነበርሽ። ቃሉ ሲባል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ይኸው! ሰምታለች!» አለ ግራንዶስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ግራንዶስ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ቀልጄ ታውቃለህ?»

ሃልቢኖች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሚያስታውስ አልተገኘም።

ሁሉንም ተናገረች። ገንፎውን፣ ሳሩን፣ ቀና በል ሦስት ጊዜ ማለቷን፣ ሦስት ቀን ዝም ማለቷን ጭምር። ስታበቃ ሄዝሚንን ፈልጋ፣ «አጥፍቻለሁ። ላምህ ደህና ናት» አለችው። ሄዝሚን «ሾርባውም ያን ያህል አልነበረም» አለ። ማሞገሱ ይሁን መውቀሱ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ግራንዶስ አንድ ሐሳብ መጣለት። «አንድ ጊዜ ካዞረሽው ሌላ ጊዜም ታዞሪዋለሽ። ውጪና በይው።»

ድሮስካዎች አጉረመረሙ። ኦልጉዳ ግን እጇን አነሳች። «ተዉአት ትበል። እኛም እንይ» አለችና ከአህያዋ ወርዳ፣ ድንጋይ ላይ ተደላድላ ተቀምጣ፣ ከመቀነቷ የተጠበሰ የዱባ ፍሬ አውጥታ ትቆረጥም ጀመር።

ኢርዌና ጉልበቱ ላይ ወጣች። «ተነስ» አለች። ምንም የለም። «ጮክ በይ» አለ ግራንዶስ። ጮኸች። ጣቱን እየጠቆመ ቦታ አስቀየራት። ጎንበስ ብላ በአፈሩ ጆሮ አለችው። ዘጠኝ ጊዜ አለች። ኦስማል እንደተቀመጠ ነው። አንዲት ፍየል ብቻ ተነሳች።

«እንደዚያን ቀን አድርገሽ በይው እንጂ!» አለ ግራንዶስ።

ቶልቤክ ከሕዝቡ መሃል ተናገረ። ሰው ድምፁን ረስቶት ስለነበር ማን እንደሆነ ለማየት ዞረ።

«እንደዚያን ቀን አትለውም። ያን ዕለት እያለቀሰች ነበር።»

«አላለቀስኩም። ላብ ነው» አለች ኢርዌና ከላይ።

«ላብ ነው» አለ ቶልቤክ፤ ተስማማ።

ኦልጉዳ የዱባውን ገለፈት ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ቀና አለች።

«ስማ አንተ ሹም። አያት ቅድመ አያቶቻችን ጀርባውን ሲያዩ ኖሩ። አንድ ቀን ማጭድ ስለን መጥተን እናውቃለን? ውሃ ስንፈልግ እንስራችንን አዝለን፣ ዞረን፣ እናንተ ደጅ እንመጣ ነበር። እናንተም ከሰልፉ መጨረሻ ታቆሙን ነበር። አሁን ደግሞ እናንተ ኑ። እንስራ የላችሁም አሉ፤ እናውሳችኋለን።»

«ከሰልፉ መጨረሻ ነው የምንቆመው?» አለ ግራንዶስ።

«እሱን መጀመሪያ ኑና እናየዋለን።»

የዚያን ዕለት ማንም አልተመታም። ሄዝሚን ላሙን በገመድ እየሳበ ወደ ቤቱ ሄደ። ሃልቢኖች ግን ኢርዌናን መቅጣት ነበረባቸው፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ከዚያ በፊት ስላልነበረ ቅጣቱም አልነበረም። ሁለት ቀን ተማክረው ከሥራዋ ሻሯትና፣ ጣሪያቸው ለተንሸራተተባቸው አሥራ ሰባት ቤቶች ዓመት ሙሉ ከድሮስካ ውሃ እንድትቀዳ ፈረዱባት። ቶልቤክ ማንም ሳያዘው አሥራ ሰባቱንም ጣሪያ ከደነ። ጠዋት እሱ ማጭድ ይዞ፣ እሷ እንስራ ይዛ፣ አንድ መንገድ አብረው ይሄዱ ጀመር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዝም ብለው ሊጨርሱት አልቻሉም። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ቀጥሎ ስለ ግራንዶስ አወሩ። ስለ ግራንዶስ ብዙ የሚባል ነገር ተገኘ።

በሰልፉ ላይ ሃልቢኖች በርግጥም መጨረሻ ይቆሙ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ኦልጉዳ ሰለቻት መሰል፣ «ይህን ሁሉ ሰው በየቀኑ ከማይ ቦይ ቢቆፈር ይሻላል» አለች። ቦዩ በግራ ጉልበቱ ዙሪያ ተጠምዝዞ ሃልቢን ለመድረስ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ሄዝሚንና ኢርዌና በአንድ ቡድን ቆፈሩ። ውሃው ሃልቢን የደረሰ ዕለት ግራንዶስ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ሳያልቅ ሕዝቡ ውሃውን ቀድቶ ሄደ።

ዳገቱ አሁን የሚጀምረው ከድሮስካ በኩል ነውና ድሮስካዎች ቃል ጠባቂ አስፈለጋቸው። ኢርዌናን ለመኗት። «ቃሉን ያለ ሰው እንዴት ቃሉን ይጠብቃል?» ያሉ ነበሩ። ኦልጉዳ፣ «ሌሎቻችን ቢባል ምን እንደሚሆን የምናውቀው በወሬ ነው» አለች። ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ተሻገሩ። ድሮስካዎች ቤታቸውን በድንጋይ ሲከድኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የሳር ጣሪያ ብርድ እንደሚከላከል ሲያዩ ቶልቤክ ከሥራ ብዛት የሚተኛበት አጣ።

አዲሱ መቀመጫዋ ላይ ኢርዌና እንደ ድሮዋ መንገደኛውን ታስቆማለች። «እላይ ተነስ አይባልም» ትላለች። ቀድሞ ያልነበረ አንድ ነገር ግን ጨምራለች፤ «ካልቸገረህ በቀር።» የድሮስካ ሽማግሌዎች ይህች ጭማሪ በደንቡ ውስጥ እንደሌለች ነግረዋታል። አዳምጣቸው ስታበቃ ቀጠለችበት።

ቶልቤክ ከስምንት ዓመት በኋላ በክረምት፣ በቤቱ፣ በአልጋው ላይ አረፈ። ድሮስካ ሜዳ ላይ ነችና ቃሉ አይከለከልም። ጎረቤቶች እንደሰሙት ኢርዌና ደጋግማ ብላዋለች። ከቀብሩ በኋላ አሥር ቀን መቀመጫዋ ላይ አልታየችም። በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች።

በሰባ ሁለት ዓመቷ ጉልበቷ ሲደክም ሥራውን ለነጋዴው ለኦርፊል ልጅ ለዚላንታ አስረከበች። ዚላንታ ሃልቢን ተወልዳ ድሮስካ ያገባች፣ ሳቅ የማታውቅ ባትሆንም ድምፅዋ የሚሰማ ሴት ናት። ኢርዌና ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈችው ከኦልጉዳ ታናሽ እህት ጋር የጠጠር ጨዋታ እየተጫወተች ነው። ጨዋታውን አትችልበትም ነበር። ሴትዮዋ ታጭበረብራለች፤ ኢርዌና ታያታለች፤ አትናገርም። ስትሸነፍ ጠጠሮቹን ሰብስባ፣ «እንደገና» ትላለች፤ ሁለቱም እስኪርባቸው ድረስ ይጫወታሉ።